ወደ ግሸን ስንሄድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞችና እኅቶች፤ መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ደብረ ከርቤ በዓል ከመካነ ሰላም በእግር የምትነሡ ሁሉ በሶና ቆሎ ቋጥሩ። የአቀስታና የጉጉፍቱ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባልና ጋቢ አትርሱ። አዲስ ጫማ እግር ይልጣልና የለመዳችሁትን አድርጉ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና ወንዝ ቢሞላ እስኪጎድል ጠብቁ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ስንቅ ግን አለ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ከጓደኞቼ ጋር እየዘመርን ስንፈጥን አብረውን የተነሡትን አንዲት እማሆይ ከኋላ ጥለናቸው ሄድን። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ባረፈበት፥ መስቀለኛ በሆነው አምባ ላይ ቀድሜ ደረስኩ፤ ጸሎቱ ግን ከአፌ አልወጣ አለ። እማሆይ በማግስቱ እያነከሱ ደረሱ። «ልጄ፥ በደኅና ገባህ?» ብለው ቀድመው የጠየቁት እርሳቸው ናቸው።

ጌታችን በኤማሁስ መንገድ ያዘኑትን ሁለቱን ደቀ መዛሙርት ቀድሟቸው አልሄደም፤ በእነርሱ እርምጃ አብሮ ተጓዘ (ሉቃ. 24)። እኛም የደካማውን ጓዝ እንሸከም፤ እርምጃችንም በእርሱ ልክ ይሁን። ስለታችን የሚፈጸመው ከአምባው ስንደርስ ብቻ ሳይሆን በመንገዱም ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።