ዶሮ ምን ኃጢአት አላት?

በምሠራበት በኮሶዬ፣ ፈንግል የተባለው በቫይረስ የሚመጣ የዶሮ በሽታ ከገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ቆጡ ባዶ ይቀራል። በእንስሳት ጤና ሙያ ስለምሠራ፣ እናቶች የሞተችውን ዶሮ አንጠልጥለው ይመጡና «ልጄ፣ ምን ብንበድለው ነው እግዜር የተቆጣን?» ይሉኛል። የዓመት ጨውና የልጆች ደብተር ከእንቁላል ነውና ጥያቄው ከልብ ነው፤ ከልብም ሊመለስ ይገባል።

አንዷን ቄብ ከፍቼ አሳይቻቸዋለሁ። ከመቋደሻዋ በላይ ባለው ጨጓራ ላይ ደም ነጠብጣብ ሠርቷል፤ አንጀቷም ቆስሏል። ይህን ሁሉ ያደረሰው ቫይረሱ ብቻ አይደለም። ቫይረሱ ሲገባ ሕዋሳቷ ኢንተርሉኪን 1 እና ኢንተርሉኪን 6 የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። በእነሱ ጥሪ የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ሄትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ተጠቃው ቦታ ይጎርፋሉ፣ ሥጋው ይቆጣል። በልኩ ሲሆን ያድናል። ኢንተርሉኪን 10 ደግሞ ቁጣውን ያበርዳል። ኃይለኛው የፈንግል ዝርያ ግን ጥሪውን ከልክ ያሳልፈዋል፤ ያን ጊዜ የቫይረሱ ጥፋት ላይ የራሷ መከላከያ ጥፋት ይደመራል።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ እግዚአብሔር የክፋት ምንጭ እንዳልሆነ፣ ክፋትም የራሱ ባሕርይ እንደሌለው፣ የመልካም ነገር መጉደል እንደሆነ አስተምሯል። በዚያች ቄብ ሥጋ ውስጥ ያየሁት ከዚህ ትምህርት ጋር ይገጥምልኛል። ለክፋት የተሠራ አንድም ፕሮቲን የለባትም፤ የጎደለው ልክ ነው።

«ዶሮዋ ባትበድልም ባለቤቷ ይቀጣባታል» የሚሉኝ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ከገበያ የመጣ አንድ የታመመ አውራ ዶሮ የደጉንም የክፉውንም ቤት ቆጥ እኩል ይጨርሳል። በወቅቱ የተከተቡት ደግሞ በአብዛኛው ይተርፋሉ፤ ክትባቱ የባለቤቱን ጽድቅ አይጠይቅም። ዓይን ላይ የምትንጠባጠበው አንዲት ጠብታ ሰውነቷን አስቀድማ ታስተምረዋለች፤ ቫይረሱ ሳይበዛ ስለሚያዝ መልእክተኞቹ ከልክ አያልፉም።

ስለዚህ ለእነዚያ እናቶች የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ እግዜር አልተቆጣችሁም። ልክን የሚጠብቅ እውቀት ለሰው ሰጥቷል፤ በዚያ አለመጠቀም ነው ተጠያቂ የሚያደርገን። ጸሎታችሁን አታቋርጡ፤ ዝናቡ ሳይጥል ግን ዶሮዎቹን አስከትቡ፣ አዲስ የገዛችሁትንም ለብቻው አቆዩ።