እርጅና በሽታ ነውን?

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የምትኖር አንዲት እናት የወር አበባዋ ሲቋረጥ ለመጣባት ትኩሳትና እንቅልፍ ማጣት ልጇ ከውጭ የምትልክላትን የሆርሞን ክኒን ዓመታት ወሰደች እንበል። አሁን 65 ዓመቷ ነው። ታቁመው ወይስ ትቀጥል?

«ቀደርን መሸሽ ነው» የሚሏት አይጠፉም። ችኩል ፍርድ ነው! ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው ሲያዙ መድኃኒት የለውም ያሉት እርጅናን ነው። እርጅናው ባይድንም ከእርሱ ጋር የሚመጣው ሥቃይ ግን ሕመም ነው፤ ሕመም ደግሞ ይታከማል። ልጅነትን ለመመለስ መመኘት ሌላ ጉዳይ ነው።

ሆኖም ገላችን የአላህ (ሱ.ወ.) አማና ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ በ16,608 ሴቶች ላይ ይካሄድ የነበረ የኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን ጥናት ከጊዜው በፊት ተቋርጧል። የዳሌ አጥንት ስብራትን ቢቀንስም የጡት ካንሰርን፣ የደም መርጋትንና ስትሮክን አብዝቶ ነበርና። ያኔ ብዙዎች ደንግጠው ክኒኑን በአንዴ ጣሉት። በኋላ እንደታወቀው ከ60 ዓመት በፊት ለጀመረች ሴት አደጋው ያነሰ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ይጨምራል። ክኒን የምትልክ ልጅ ደግሞ ምርመራውን አብራ አትልክም!

ስለዚህ እናታችን ክኒኑን ይዛ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። መጠኑን ቀስ በቀስ ቀንሺ ካላት ትሞክረው። ትኩሳቱ ተመልሶ ሌሊቱን ቢነሳትና ከሐኪሟ ጋር መክራ በጥቂቱ ልቀጥል ብትል፣ ለሱብሒ ደክማ የምትነሳን ሴት «ሶብር አድርጊ» ብሎ መገሠጽ የጎረቤት ድርሻ አይደለም።