ሳይዘጋብህ ሂድ

ወንድሜ፣ ኅዳር 3 ቀን በነአኩቶ ለአብ ንግሥ፣ ከማኅሌቱ መሀል መቋሚያህን ግድግዳው ላይ እያስደገፍክ ደጋግመህ ስትወጣ አይቼሃለሁ። ሰዉ ብርድ ነው ብሎ አለፈው። በማኅበሩም ጠላ ሲቀዳልህ «ይቅርብኝ» ማለት አብዝተሃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ስለዚህ እኔው ልጀምርልህ።

ከፊኛ ሥር፣ የሽንት መውረጃውን ከብቦ የተቀመጠ ፕሮስቴት የሚሉት ዕጢ አለ። በወጣትነት 20 ግራም ገደማ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ያብጥና ድንጋይ እንደገባበት የመስኖ ቦይ መውረጃውን ያጠበዋል። ሽንት ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ሌሊት ያመላልሳል። 60 ዓመት ካለፈን ወንዶች ግማሽ ያህላችን ዕጢው አድጎብናል። ርግማን አይደለም፤ ካንሰርም አይደለም፤ ካንሰር መኖር አለመኖሩን ግን ሐኪም መርምሮ ይለየው። ውኃ በመተው አይድንም። ማታ ማታ ቀንስ እንጂ ቀኑን ሙሉ ተጠምተህ አትዋል።

«ኦፕራሲዮን ከሆንክ ያኮላሹሃል» ያለህን ሰው አትስማ። ቆለጥህን የሚነካ የለም። አብዛኛውን ጊዜ በመሽኛው በኩል መሣሪያ አስገብተው የዘጋውን ሥጋ እየላጩ ያወጣሉ፤ ዕጢው በጣም ከገዘፈ ደግሞ ከእምብርት በታች ቀደው ያወጡታል። ከወገብህ በታች ደንዝዘህ፣ እያወራህ ልትሠራ ትችላለህ። ከዚያ ለጥቂት ቀን የሽንት ቱቦ ይደረግልሃል፤ ሽንትህ ደም ቢቀላቅል አትደንግጥ። አንድ ወር ተኩል ያህል ማረሻ አትጨብጥ፣ ድንጋይ አታንሳ። የማልደብቅህ ነገር፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ዘር ብዙ ጊዜ ወደ ፊኛ ስለሚመለስ ልጅ መውለድ ያስቸግራል። የወንድነት አቅም ግን በአብዛኛው እንዳለ ይቆያል። ይህን አፍረህ ሳትጠይቅ እንዳትቀር፤ ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል።

ሁሉም ሰው አይቀደድም። እንደ ታምሱሎሲን ያለ እንክብል ያቃለለው ብዙ ነው። መድኃኒቱ ሲነሱ ስለሚያዞር በእኛ ገደላ ገደል ሌሊት በዝግታ ተነሣ። መድኃኒቱ እምቢ ካለ፣ ሽንት ደጋግሞ ከተዘጋ፣ ፊኛ ውስጥ ጠጠር ከተገኘ ወይም ኩላሊት ከተጎዳ ግን መሠራት ይሻላል። ኩላሊት ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚያልቀው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል ጠጣ፣ ተጠመቅ። ቅዱሱ ሐኪም ቤት አትሂድ አላለህም። ላሊበላ ሆስፒታል ጀምር፤ ሪፈር ከጻፉልህ በጋሸና አድርገህ ወልድያ ወይም ደሴ ነው። የጤና መድን ደብተርህ ታድሶ እንደሆነ ዛሬውኑ እይ። ለመንገዱ ደግሞ ለልጆችህ ንገራቸው፤ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሽንትህ ድንገት ፈጽሞ ተዘግቶ ሆድህ ከተወጠረ ሥራ ሥር አትፈልግ፣ ንጋትም አትጠብቅ። ልጅህን ቀስቅሰህ አቅራቢያህ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂድ፤ በቱቦ ወዲያው ያስተነፍሱልሃል።

ሰኞ ሆስፒታል ስትሄድ የምትውጣቸውን እንክብሎች ሁሉ በፌስታል ይዘህ ሂድ፤ አስፒሪን ካለበት ለሐኪሙ አሳየው፣ ደም ያቀጥናልና።