ሳይወጉ ለሚፈርሙ ተግሣጽ

በሌሊት ተራ ላይ ያለህ ነርስ፣ አንቺም ሲስተር፣ ስሙ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት የታዘዘውን የደም ማቅጠኛ መርፌ፣ ሄፓሪኑን ወይም ኢኖክሳፓሪኑን፣ ንጋት ላይ ሰጥተህ «ስድስት ሰዓት» ብለህ የጻፍህ፣ ጭራሽ ያልሰጠኸውንም «ተሰጥቷል» ብለህ የፈረምህ፣ ነገሩ ያንተ ነው። «በሽተኛው ተኝቷል፣ ማን ያውቃል?» አልህ። ባቱ ውስጥ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባው ሲገባ ፊርማህን አይቶ አይመለስም።

የወጋህ ዕለትስ እንዴት ወጋህ? በኦፕራሲዮን የወለደችውን እናት ነጠላዋን ገለጥ አድርገህ ሆዷን እይ። ከእምብርቷ በስተግራ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ጠቁሯል፤ ቀኙ ምንም አልነካውም። ጠዋትም ማታም እዚያው ወግተሃታል፣ ወግተህም በጥጥ አሽተሃታል። ሄፓሪን ተወግቶ አይታሽም! ይህን ሳትማር አልተመረቅህም። ከእምብርቷ 5 ሳንቲ ሜትር ራቅ በል፣ ቆዳዋን በሁለት ጣትህ ቆንጥጠህ ያዝ፣ መርፌውን ቀጥ አድርገህ አስገባ፣ ደም ይመጣ እንደሆነ ብለህ ወደ ኋላ አትሳብ፣ ቀስ እያልህ ግፋ፣ መርፌው ሳይወጣ የቆነጠጥኸውን አትልቀቅ። ከዚያ ጥጡን ጫን አድርገህ ያዝ። ቀጣዩን መርፌ በሌላው ጎን። ተሞልቶ የሚመጣውን የኢኖክሳፓሪን ስሪንጅ ሙሉውን የምትሰጥ ከሆነ ደግሞ የአየር አረፋዋን አታስወጣ፤ 40 ሚሊ ግራሙ 0.4 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ ከእሱ ላይ የሚንጠባጠብ ትርፍ የለም።

ከብልቃጥ ስትቀዳ የባሰ ነው። በኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ የተጻፈው ዩኒት የኢንሱሊን እንጂ የሄፓሪን አይደለም። በአንድ ሚሊ ሊትር 5,000 ዩኒት ከያዘ ብልቃጥ 5,000 ከታዘዘልህ የምትቀዳው ሙሉ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ግን 5,000 መያዙን አንብበሃል ወይስ የክዳኑን ቀለም አይተህ አመንህ? በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ስድስት ሕፃናት የደም ሥር መስመር ማጠቢያ ተብሎ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ዩኒት የያዘው በሚሰጥበት ቦታ 10,000 የያዘው ሄፓሪን ተሰጣቸው፤ ሦስቱ ሞቱ። አገር ሁሉ ሰማ። በዓመቱ በሎስ አንጀለስ የተዋናዩ የዴኒስ ኩዌድ መንትዮች ላይ ያው ስህተት ተደገመ፤ እነሱስ ተረፉ። የሌላውን ለቅሶ ሰምቶ ያልተመለሰ እጅ እንዲህ ነው።

ሐሰተኛው ፊርማ ግን ከሁሉ ይከፋል፤ ምክንያቱም ሌላ ሰው አምኖ ያነበዋል። ጠዋት የሰመመን ባለሙያው የመድኃኒት ካርዱን ያያል። የመከላከያው ዶዝ ኢኖክሳፓሪን ከተሰጠ 12 ሰዓት፣ የሕክምናው ከሆነ 24 ሰዓት ሳይሞላ ጀርባ ላይ መርፌ አይገባም። አንተ ንጋት ላይ ወግተህ «ስድስት ሰዓት» ስላልህ እኩለ ቀን ላይ ጊዜው የሞላ ይመስለዋል። አከርካሪው ውስጥ የፈሰሰ ደም ነርቭ ይጫናል፤ በእግሩ የመጣ ሰው እግሩን ሳያንቀሳቅስ ይቀራል። ያልሰጠኸውን ሰጠሁ ስትል ደግሞ ሐኪሙ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ዶዙን ይጨምራል።

ሐሰት አንዴ ከለመደች በወረቀት ላይ አትቀርም። በሽተኛው «ይህ መርፌ ከምንድን ነው የሚሠራው?» ብሎ ሲጠይቅህ ሳቅ ብለህ አለፍኸው። ሄፓሪንም ኢኖክሳፓሪንም በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት ነው የሚገኙት። ጾሙንና ሃይማኖቱን ጠብቆ የኖረ ሰው ይህን ሰምቶ ከሐኪሙ ጋር የመምከር መብት አለው።

ዋርዱ ሞልቷል፣ ብቻህን ነህ፣ ደሞዙም አይበቃም። እሺ፣ ለዚያ ዘገየህ። ለምን ዋሸህ?

ክርስቲያን ብትሆን ንስሐ ግባ፣ ሙስሊም ብትሆን ተውበት አድርግ። ለነፍስ አባትህ ብቻ ተናግረህ ዋርድ ስትመለስ ዝም ካልህ ግን በሽተኛውን ማንም አልደረሰለትም። እናንተም የዋርድ ኃላፊዎች፣ ስህተቱን ራሱ መጥቶ የተናገረውን በሰው ፊት ያዋረዳችሁት፣ ቀጥሎ የመጣውን ዝም ያሰኛችሁት እናንተ ናችሁ፤ ንስሐው ይመለከታችኋል።

ዛሬ ማታ ካርዱን አውጣ። የሐሰቱን መስመር ከሥሩ እንዲነበብ በአንድ ሰረዝ ሰርዝ፣ ካልሰጠኸው «አልተሰጠም» ብለህ፣ ዘግይተህ ከሰጠኸው ትክክለኛውን ሰዓት አስፍረህ ስምህን ጻፍ። ያለፈውን ለማካካስ ሁለት ዶዝ ደርበህ አትስጥ። አብዝተህ ሰጥተህ ከሆነ ፕሮታሚን ሰልፌት የሚባል ማርከሻ አለ፤ የኢኖክሳፓሪኑን በከፊል ብቻ ቢሆንም ያረክሳል፣ የሚጠቅመው ግን ቶሎ ከተነገረ ነው። ሂድና ተረኛውን ሐኪም ቀስቅሰው።