የረጠበው እህልና የተቀባው ፎቶ

የዛሬው ማስታወሻችን በየኪሳችን ስላለ ጉዳይ ነው፤ በስልክ ስለምናሳምረው የራሳችን ፎቶ።

ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ሲኬድ መንገድ ላይ የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣና ዙሪያ ከነበሩት ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ሙስሊም ሲራራ ነጋዴዎች ይመላለሱባት ነበር፤ መገበያያው አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ነበር። በጠገራው ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ያው ምስልና ያው ዓመት እየተቀረጸበት ቀጠለ። የአገራችን ነጋዴ ታዲያ ይህን ብር ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። በፀጉሯ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች፣ በትከሻዋ ያለውን ማያያዣ አገላብጦ ያያል። ምልክቱ ከጠፋ ወይም ካልለመደው አልፈልግም ይላል። አሞሌውም ቢሆን ጠርዙ ከተሸራረፈ ዋጋው ይወርዳል። ገበያ የሚቆመው በመተማመን መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገቡ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ መቶት ነው አለ። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ይህን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሲሆን ሙስሊም ዘግበውታል።

ያ ጀመዓ! እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ዝናቡ የሰውየው ጥፋት አልነበረም። እህሉ መርጠቡም ወንጀል አልነበረም። ወንጀሉ ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች ማድረጉ ነው። እህል ላይ ይህ ከሆነ፣ ጉድለት እንኳ ያልሆነውን፣ አላህ የሰጠንን መልክ በውሸት ስንሸፍንስ?

ነገሩ ቀልድ የማይሆነው ኒካህ ላይ ሲደርስ ነው። ዛሬ ልጅቷ ጂዳ ወይም ቤሩት ትሆናለች፤ ልጁ ይፋግ ወይም ባሕር ዳር ይሆናል። የሚገናኙት በፎቶ ነው። እሷ ከመላኳ በፊት ቆዳዋን ታነጣለች፣ አፍንጫዋን ታቀጥናለች፣ የልጅነት ጠባሳዋን ታጠፋለች። እሱም ያነሰ አይደለም። ፀጉሩን ይሞላል፣ ከዕድሜው አሥር ዓመት ይቀንሳል፣ የእሱ ካልሆነ መኪና አጠገብ ራሱን ይለጥፋል። ሽማግሌ ይላካል፣ ወሊይ ቃል ይሰጣል፣ ድግስ ይደገሳል። ከዚያ አንድ ቀን ፊት ለፊት ይተያያሉ።

ያን ቀን ማንም ምንም ላይናገር ይችላል። ግን ጥርጣሬው ገብቷል። ፊቱ ያልሆነውን ካሳየኝ፣ ዕድሜውስ? ዕዳውስ? የቀድሞ ትዳሩስ? ውሸቱ አንድ ጠባሳ ላይ ብቻ ነበር፤ የወደቀው ግን አማናው በሙሉ ነው። ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ) ሴት ባጩ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሄደው እንዲያዩዋት መክረዋቸዋል፤ ማየቱ በመካከላቸው ውዴታን ለማጽናት የተሻለ ነውና። እንግዲህ ማየት የተደነገገው ለዚህ ከሆነ፣ የሌለ ሰው ማሳየት ሸሪዓው የሰጠውን መብት መቀማት ነው።

ስለ ሀብቱም እንዲሁ። አንዲት ሴት ባሏ ያልሰጣትን ሰጠኝ እያለች ጣውንቷ ፊት መታየት ትችል እንደሆነ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቃ ነበር። ባልተሰጠው ነገር የሚኩራራን ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር አመሳሰሉት። ያልሄደበት አገር ፊት ለፊት፣ ያልገዛው መኪና አጠገብ የተቆረጠ ፎቶ ከዚህ ልብስ በምን ይለያል?

ታዲያ ፎቶ መንካት ሁሉ ሐራም ነው ወይ? ዑለማዎች በፎቶ መነሳት ራሱ ላይ ይለያያሉ። ከፊሎቹ ይከለክላሉ፤ የሚፈቅዱት ደግሞ በመስታወት እንደሚታይ ነጸብራቅ ነው ይላሉ። በሚፈቅዱት አነጋገር ከሄድን፣ ጨለማ ፎቶን ማድመቅ፣ የተጣመመውን ማቃናት፣ ዳሩን መቁረጥ ወደ ብርሃን ጠጋ ብሎ እንደመቆም ነው። እንዲያውም ሠርግ ላይ ሳታውቅ ከኋላችሁ የተነሳችን ሴት ፊት ማደብዘዝ አማናን መጠበቅ ነው። ድንበሩ ያለው ማሳመር ላይ ሳይሆን ማታለል ላይ ነው። ዝርዝሩን የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። በ2017 እ.ኤ.አ. ፌስአፕ የተባለው መተግበሪያ ሰውን ማራኪ ያደርጋል ያለውን ፊልተር አወጣ። ፊልተሩ የጥቁር ሰዎችን ፊት እያነጣ ሲያወጣ ቁጣ ተነሳ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ማሽኑ የተማረበት የፎቶ ክምችት ያደላ እንደነበርም ገለጸ። አየሽ፣ ቁንጅና ማለት ንጣት ነው ብሎ የነገረሽ ስልክሽ አይደለም፤ ስልኩን ያስተማሩት ሰዎች ናቸው። አላህ (ሱ.ወ) ግን በሱረቱ ሩም የቀለማችንን መለያየት ከተዓምራቱ ቆጥሮታል። ከስሞቹም አንዱ አል ሙሰዊር ነው፤ ቅርፅ ሰጪው። የሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ) ለአዛን ሲመረጥ ማንም ቀለሙን አላቀላለትም።

ዛሂር የሚባል የገጠር ሰው ነበር፤ መልኩ የሚማርክ አልነበረም። ገበያ ላይ ዕቃውን ሲሸጥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከኋላው መጥተው አቀፉት። ማን እንደሆኑ ሲያውቅ ጀርባውን ወደ ደረታቸው አስጠጋ። ይህን ባሪያ ማን ይገዛል እያሉ ሲቀልዱ፣ ርካሽ ሆኜ ነው የሚያገኙኝ አላቸው። እሳቸው ግን አላህ ዘንድ ርካሽ እንዳልሆነ ነገሩት። ሱብሓነላህ! ሰውየው ለራሱ ያወጣው ዋጋና ጌታው ዘንድ ያለው ዋጋ ምን ያህል ይራራቃሉ!

አላህ ወደ መልካችንና ወደ ገንዘባችን ሳይሆን ወደ ልባችንና ወደ ሥራችን እንደሚመለከት በሐዲስ ተነግሮናል። በዚያ ሐዲስ ውስጥ ለመልክ የገባው የዐረብኛ ቃል ሱወር ነው፤ ዐረቦች ዛሬ ፎቶዎችንም በዚሁ ቃል ይጠራሉ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ፎቶ ከመለጠፋችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ ይህን ያየ ሰው ነገ ይፋግ ገበያ ላይ ቢያገኘኝ ያውቀኛል? ለኒካህ የሚላክ ከሆነ ያልተነካውን እንላክ፤ ወሊይ ባለበት በቪዲዮ መተያየት ይሻላል፤ በአካል መተያየት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የተነካ ፎቶ የላከ ሰው ካለ ከኒካሁ በፊት እውነቱን ይላክ። የአንድ ቀን እፍረት ከዕድሜ ልክ ጥርጣሬ ይቀላል።

እናቶችና አባቶችም፣ እስቲ አፋችንን እንመርምር። እህቷ ቀይ ናት፣ እሷ ግን ጠቆር አለች እያልን ያሳደግናት ልጅ ስልክ ስትገዛ መጀመሪያ የምታነጣው ፊቷን ነው። የመጀመሪያው ፊልተር ከቤታችን የወጣ ቃል ነው።

አላህ ፍጥረታችንን እንዳሳመረ አኽላቃችንንም ያሳምርልን። ምላሳችንንም ምስላችንንም ከውሸት ይጠብቅልን። በሰለዋት የምትደምቅ ጁሙዓ ያድርግልን። ኣሚን።