ጣና የማን ነው?

ከሰባታሚት ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ኪሴ ባዶ ነው። ጣና ሐይቅ ዳር ባሉት ሆቴሎች መቀመጥ አቅሜ አይፈቅድም፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ በእግሬ ለመሻገር ግን የሚያስከፍለኝ የለም። ሐይቁ ዳር ስደርስ የደንገል ታንኳ ቀዛፊውን ቆሜ አያለሁ፤ ውኃው በደንገሉ መሃል እየሰረገ እግሩን ያርሰዋል። ለእኔ ደስታ የሆነው ለእሱ እንጀራ ነው፤ ይህን ሳልዘነጋ ነው የምደሰተው።

«ድሃ ያማረ ነገር ማየቱ ያስጎመጀዋል እንጂ ምን ይጠቅመዋል?» የሚሉኝ አሉ። አልቀበለውም። የሚያስጎመጀው «የእኔ ብቻ ይሁን» ማለት ነው፤ ማየትማ ምስጋና ነው። ፈጣሪ ጣናን ለከፋይ ብቻ አልፈጠረውም።

የሐይቁን ዳር የምታጥሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ለእግረኛ መተላለፊያ ተዉለት።