ጥርሴን ነው እኔን?

ጓደኞቼ፣ በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ ነጻነትና ስለ ሕሊና ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ ስለ አንዲት ሴት አፍ ልጽፍ ነው። አትሳቁ።

ሴትዮዋ አክስቴ ናት። ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ትኖራለች። ክረምት ላይ መንጋጋዋ መግል ቋጥሮ ጉንጯ ሲያብጥ፣ በሞጣ በኩል ይዣት ወጥቼ አንድ የጥርስ ክሊኒክ አስገባኋት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ እጁም ጎበዝ። ከመንቀሉ በፊት ካሜራ አነሣና «እናቴ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ፤ ፎቶ ላንሣ» አላት። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ጥርሴን ነው እኔን?»

«ጥርስሽን ነው፣ እሺ በይው» አልኳት። ወረቀት ሲመጣም ሳላነብ ስለ እርሷ ፈረምኩ።

አክስቴ ከዚያ በፊት ፎቶ የተነሣችው ለመታወቂያ ነበር። ያን ዕለት ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ እንደ ዳኛ ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው። ለርሷ ፎቶ ማለት ክብርን ለብሶ መታየት ነው። አሁን ግን ሁለት የፕላስቲክ መሳቢያ ከንፈሯን ወዲያና ወዲህ ገትሮት፣ ምራቋ በአገጯ እየወረደ ፍላሹ በረቀ።

ፎቶ መነሣቱን አልቃወምም። እንዲያውም ሐኪሙ በደንብ ማንሣቱን አደንቃለሁ። መስተዋቱ በትንፋሽ እንዳይደበዝዝ በሙቅ ውሃ አሞቀው፣ ጥርሱን በአየር አደረቀ፣ ከፊት፣ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከላይና ከታች እያለ አምስት አነሣ። ለምን ይህ ሁሉ ድካም? የጥርስ ፎቶ ዋጋው ከወራት በኋላ ከሚነሣው ጋር ሲነጻጸር ነውና። ርቀቱ፣ ብርሃኑ፣ ማዕዘኑ ከተለያየ ድዱ ይዳን ይባስ ማን ያውቃል? ስልክን ፊት ላይ አስጠግቶ ቀጭ ማድረግማ አፍንጫና የፊት ጥርስን አግዝፎ ጎን ጎኑን ያሳንሳል። የማይረባ ፎቶ በሽተኛውን አሳፍሮ ምንም የማይጠቅመው ነው። ስለዚህ እዚህ ሙያና ግብረ ገብ የሚለያዩ አይመስለኝም።

ነገሩ የተበላሸው በኋላ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ የክሊኒኩን የቴሌግራም ገጽ ስከፍት «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ዓይን የለም፣ ስም የለም። ድድ ግን አለ። አክስቴ ልጅ ሳለች ስትስቅ ጥርሷ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ድዷን ተነቅሳለች፤ አንዱ የፊት ጥርሷም ጫፉ ተሸርፏል። እኔ በአንድ አፍታ ለየኋት። የገበያ ጓደኞቿ አይለዩዋትም? ዓይን መሸፈን ሰውን ይሸፍናል የሚለው የከተማ ሰው እምነት ነው።

ሕጉን አየሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይ፣ አይባዛ፣ አይሸጥ ይላል። መልካም። አንቀጽ 28 ግን በር ይከፍታል፤ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀምበት ሲለን፣ ሕጋችን «ለዕውቀት ከሆነስ?» ብሎ ይጠይቃል። ማስታወቂያ ዕውቀት አይደለም፣ ይህ ቀላል ነው። የከበደኝ እውነተኛው ዕውቀት ነው።

ኖማ የሚባለውን በሽታ እንውሰድ። ምግብ ያነሳቸውን ሕፃናት፣ ብዙ ጊዜም ከኩፍኝ በኋላ፣ ይይዛል። ከድድ ቁስል ይጀምርና በጥቂት ቀናት ጉንጭን ይበላል፤ ካልታከመ አብዛኞቹን ይገድላል። ድድ ላይ ሳለ ከተደረሰበት ግን በአንቲባዮቲክ፣ አፍን በማጠብና በምግብ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። እንግዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያን የመጀመሪያ ድድ በፎቶ ካላየች በምን ትለየዋለች? እናትየዋ እንቢ ብትልስ? የሌሎች እናቶች ልጆች አሉ! ሆኖም ልብ በሉ፤ በብዛት የሚዞረው ፎቶ የተበላው ፊት ነው፣ ገንዘብ ያሰባስባልና። ሕይወት የሚያድነው የቀላው ድድ ማንንም አያስለቅስም። ስለዚህ «ለዕውቀት ነው» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የትኛውን ፎቶ እንደመረጠ እጠይቀዋለሁ።

(በነገራችን ላይ፣ በ1960 ዓ.ም. የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ ዛሬ ለግብር የተለካ መሬት ነገ ርስት ያስነቅላል የሚል ሥጋትም ነበረበት። ለአንድ ነገር የተመዘገበ ለሌላ እንደሚውል አያቶቻችን ከእኔ በፊት ጠርጥረዋል።)

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሐኪሙ አይደለም። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፣ መልሴ ውሸት ነበር። «ፎቶው የት ይሄዳል?» ብዬ መጠየቅ የእኔ ፈንታ ነበር፤ ማንበብ የምችለው እኔ ነኝና። መማሬን እርሷን ለማስረዳት ሳይሆን እርሷን ለመተካት ተጠቀምኩበት።

ክሊኒኩ ደውዬ ስነግራቸው ፎቶውን አነሡት፤ ከዚያ በፊት ወዴት እንደተላለፈ ግን ማንም አያውቅም። ለፋሲካ ቤት ስገባ ልነግራት ወስኜ ነበር። ቡና እየቀዳች ቀደመችኝ።

«ያ ሐኪም ያነሣኝ ፎቶስ? የመታወቂያውን እንኳ አንድ ሰጥተውኛል።»

አልመጣም አልኳት።